ከኢስታንቡል እስከ ሲቭሪያላን፦ የቱርክን ዜማ ተከትዬ የሄድኩበት መንገድ

የቱርክን ሙዚቃ መጀመሪያ ያወቅሁት እንደ ብዙ ሰው በቃና ቴሌቪዥን ድራማዎች ነው። ንግግሩ በአማርኛ ተተክቶ ማጀቢያው ግን እንዳለ ይቀራል። ክራር ስለምጫወት ጆሮዬ ከታሪኩ ይልቅ እሱ ላይ ይውላል። አንድ ነገር ደጋግሜ አስተዋልኩ። ድምፁ ሲጀምር ምት የለውም። ያንጎራጉራል፣ ይወጣል፣ ይወርዳል። ከዚያ ድንገት ከበሮው ይገባና ነገሩ ሁሉ ወደ መስመር ይመጣል። ይሄ በአጋጣሚ ነው ወይስ ደንብ አለው? ጥያቄው ለረጅም ጊዜ አብሮኝ ቆየ።

ብጠይቅ ብጠይቅ የማገኘው መልስ አንድ ዓይነት ነበር። ቱርክ ሁለት ሙዚቃ አላት ይሉኛል። አንዱ የቤተ መንግሥትና የከተማ፣ ሌላው የገጠር፣ ሁለቱም አይተዋወቁም። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት የአክስቴ ልጅ ኢስታንቡል ትምህርቱን ሊጨርስ ሲል ዕድሉን ተጠቀምኩ። ሁለቱንም በተከታታይ ለመስማት ከባሕሩ ዳር ተነስቼ እስከ አናቶሊያ መሃል ሄድኩ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. — ኢስታንቡል

አውሮፕላን ማረፊያው ከከተማው ሩቅ ነው። አውቶቡሱ ላይ ያሳለፍነውን ሰዓት አላነሳውም፤ የአዲስ አበባን መጨናነቅ የለመደ ሰው አይገርመውም። የአክስቴ ልጅ የሚኖረው በእስያ በኩል ነው። ቤቱን ከሌሎች ሁለት ሐበሻ ተማሪዎች ጋር ይጋራል።

ለእራት ታች ሰፈር ካለች ምግብ ቤት የምስር ሾርባ በላን። የተፈጨ ምስር ነው፤ ሎሚ ይጨመቅበታል፣ ከላይ በቅቤ የተጠበሰ በርበሬ ይፈስበታል። ዳቦ እንደልብ ነው፣ ተጨማሪ አይጠየቅበትም። ሻይ በትንሽ ወገበ ቀጭን ብርጭቆ ይመጣል። ዋጋው 20 ሊራ ነበር። በወቅቱ የባንክ ምንዛሪ 1 ሊራ ከ3 ብር በላይ ስለሆነ እንደኛ ቤት ሻይ እየደጋገሙ ማዘዝ ኪስ ይነካል። ግን ማንም አንድ ጠጥቶ አይነሳም፤ እኛም አልተነሳንም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6 — ጋሊፕ ዴዴ መንገድ እና ኡስኩዳር

ጠዋት ወደ አውሮፓው ክፍል ተሻገርን። ከጋላታ ግንብ በላይ ጋሊፕ ዴዴ የሚባል ቁልቁለት መንገድ አለ። ግራና ቀኙ የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ ነው። ኡድ (አንገተ አጭር ባለ ክር)፣ ካኑን (ጠፍጣፋ ባለ ብዙ ክር)፣ ኔይ (የሸንበቆ ዋሽንት)፣ ባግላማ (አንገተ ረጅም ባለ ክር) በመስኮቱ ተደርድሯል። እዚያው መንገድ ላይ እ.ኤ.አ. በ1491 የተመሠረተው የጋላታ የመውለዊ ደርቪሾች (የሩሚን መንገድ የሚከተሉ የእስልምና መናኞች) ቤት አለ። ዛሬ ሙዚየም ነው። የቱርክ ክላሲካል ሙዚቃ በቤተ መንግሥት ብቻ አላደገም። እንዲህ ያሉ ቤቶች ትምህርት ቤቶቹ ነበሩ። ትልልቆቹ አቀናባሪዎች ኢትሪም ሆነ ዴዴ ኤፈንዲ ከመውለዊዎች ወገን ናቸው። ኢትሪ እ.ኤ.አ. በ1712 የሞተ ሰው ነው፤ ምስሉን ግን በየቀኑ እናይ ነበር፣ 100 ሊራው ጀርባ ላይ ታትሟል። ሙዚቀኛን ገንዘብ ላይ የሚያትም አገር ደስ ይለኛል።

ከሰዓት በመርከብ ወደ ኡስኩዳር ተመለስን። በመርከቡ ላይ ሲሚት ገዝተን በላን፤ ሰሊጥ የለበሰ ቀለበት ዳቦ ነው፣ አንዱ 20 ሊራ። የአክስቴ ልጅ አንድ ጡረታ የወጡ የኡድ መምህር ያውቃል። ሁሉም «ሆጃ» ይሏቸዋል፣ እኛ የኔታ እንደምንለው። ጫማችንን በር ላይ አውልቀን ገባን። ባለቤታቸው የቤት ጫማ አቀረቡልን፣ ከዚያ በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ፣ አይብ፣ ወይራ፣ ቀጥሎ ቡና። ቡናው ከነአተላው ነው። ሦስት ጊዜ የሚቀዳውን የኛን አስቤ ሁለተኛ ስጠብቅ አልመጣም።

ሆጃ ኡዱን ገና አላነሱም። «እጅህን ጉልበትህ ላይ አድርግ» አሉኝ። ቀኝ እጅ ቀኝ ጉልበት ላይ ሲወርድ ዱም ነው። ግራው ሲወርድ ቴክ ነው። ዱዬክ የሚባለውን ምት አስያዙኝ፦ ዱም፣ ቴክ፣ ቴክ፣ ዱም፣ ቴክ። ርዝመቱ እኩል አይደለም። አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሁለት፤ ድምሩ 8። እጄ እስኪለምደው ድረስ ሌላ ነገር አልጨመሩም። ከዚያ በዚያው ምት ላይ አንድ ስንኝ ዘፈኑ፣ እኔ ተከተልኳቸው፣ አሁንም እንደገና። ሜሽክ የሚሉት ማስተማሪያ ይሄ ነው። መምህር ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ጉልበት እየመቱ፣ በቃል መቀበል። ዜማው ቢጠፋህ እጅህ ቦታህን ይነግርሃል አሉኝ።

በጽሑፍ መያዝ ጨርሶ አልነበረም ማለት አይደለም። የሞልዳቪያው ልዑል ካንቴሚር እ.ኤ.አ. በ1700 አካባቢ ወደ 350 የሚጠጉ ሥራዎችን በራሱ ፊደል መዝግቧል። ከእሱ በኋላ አርመናዊው ሃምፓርሱም ሊሞንጂያን ሌላ ምልክት ሠራ፣ ብዙ ዜማም ከመጥፋት ዳነ። ሆኖም ዋናው መንገድ ከአፍ ወደ ጆሮ ነው። የኛ ድጓም ምልክት አለው፣ ያለ መምህር ግን ማን ያነበዋል? ሆጃ ይሄን ስነግራቸው ወደ ፊት ጠጋ ብለው ስለ ቅዱስ ያሬድ ብዙ ጠየቁኝ። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይን በምችለው መጠን አስረዳኋቸው።

ከዚያ ወደ ማካም ገቡ። እኔ ማካምን እንደ ቅኝት ነበር የማስበው፤ የድምፆች ስብስብ፣ በቃ። እሳቸው ኡዱን አንስተው አንድ አጭር ነገር ተጫወቱ። ከመሃል ተነስቶ ዞር ዞር ብሎ ወደ ታች ያርፋል። «ይሄ ሁሴይኒ ነው» አሉ። ከዚያ በዚያው ድምፆች ሌላ ተጫወቱ። ይሄኛው ከላይ ጫፍ ይጀምርና ደረጃ በደረጃ ይወርዳል። «ይሄ ደግሞ ሙሃየር።» ድምፆቹ አንድ ናቸው፣ ማካሙ ግን ሁለት ነው። ልዩነቱ መንገዱ ላይ ነው። ከየት ትነሳለህ፣ የት ታርፋለህ፣ መጨረሻ የት ትገባለህ። ለዚህ መንገድ ሰይር ይሉታል። ዜማውን ማካም የሚያደርገው ይሄ ነው።

አንዳንዶቹ የቦታ ስም ይዘዋል፦ ሂጃዝ፣ ኢስፋሃን፣ ኒሃቨንድ። አምባሰልና ባቲ ላለው ሰው ይሄ እንግዳ አይደለም። እንግዳ የሚሆነው የድምፆቹ ቅርበት ነው። አንድ ሙሉ ድምፅ በ9 ኮማ ይከፈላል። አንዱን ኮማ ከሌላው ለመለየት ሆጃ ሲጫወቱ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የምሰማው። አምስት ድምፅ ባለው ቅኝት ያደገ ጆሮ ጊዜ ይፈልጋል።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7 — የፋስል ምሽት

ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ማታ ሆጃ ራሳቸው የሚያውቁት የሰፈር የሙዚቃ ማኅበር አዳራሽ ወሰዱን። ከመቶ የማይበልጥ ወንበር፣ መድረኩ ላይ ኡድ፣ ካኑን፣ ታንቡር (አንገቱ በጣም የረዘመ ባለ ክር)፣ ኔይ፣ ከመንቼ (እንደ ማሲንቆ የሚገዘገዝ) እና ኩዱም (ጥንድ ትንሽ ከበሮ)፣ ከኋላ ዘማሪዎች። የምሽቱ ማካም አንድ ብቻ ነው፣ ሂጃዝ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሁሉም በዚያው።

ፋስል ማለት ይሄ ነው። በአንድ ማካም የተገጣጠመ ሰልፍ። ቅደም ተከተሉም አለው። መጀመሪያ አንድ መሣሪያ ብቻውን ታክሲም ያደርጋል፤ ያለ ምት፣ ያለ ጽሑፍ፣ ከልቡ። ያ ነው ማካሙን ለአዳራሹ የሚያስተዋውቀው። ቀጥሎ ፔሽሬቭ፣ ረጅም ምት ያለው የመሣሪያ ሥራ። ከዚያ ድምፅ ይገባል፣ የዘፈን ዓይነቶቹ በተራ፦ ካር፣ ቤስቴ፣ አር ሰማኢ፣ ሻርኪዎች፣ ዩሩክ ሰማኢ። መደምደሚያው ሳዝ ሰማኢ የሚባል የመሣሪያ ሥራ ነው። ሁሉም ከዝግታ ወደ ፍጥነት ይሄዳል። ትልቁ ካር ዛሬ ብዙም አይዘፈንም አሉኝ፤ የዚያን ምሽትም ዘለውታል። በመጠጥ ቤቶች ፋስል የሚባለው ደግሞ ከዚህ ያጠረና የቀለለ ነው፤ ሻርኪ ይበዛዋል፣ ሰውም አብሮ ይዘፍናል።

ሳዝ ሰማኢው ላይ በጣቴ ቆጠርኩ። አራት ቤት አለው፣ «ሃኔ» ይሏቸዋል። ከእያንዳንዱ ቤት በኋላ አንድ ዜማ ይመለሳል። እኛ አዝማች የምንለው ነው፣ እነሱ ተስሊም ይሉታል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቤቶች በ10 ምት ነው የሚሄዱት፤ ሦስት፣ ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ። እንደ አንካሳ እርምጃ ነው፣ አክሳክ (አንካሳ) ሰማኢ የሚለው የምቱ ስምም ከዚያ የመጣ ነው። አራተኛው ቤት ላይ ግን ምቱ ይቀየራል። ያን ምሽት 6 ሆነ። አዳራሹ ውስጥ ትከሻ ሁሉ ሲነቃነቅ በዓይኔ አየሁ። ከዚያ አዝማቹ ወደ 10 ይመለሳል፣ ያበቃል።

ሻርኪው ላይ ሌላ ነገር አስተዋልኩ። ግጥሙ አራት መስመር ነው። ሁለተኛውና አራተኛው አንድ ዓይነት ዜማ አላቸው። ሦስተኛው መስመር ግን ወደ ላይ ይወጣል፤ አንዳንዴ ማካሙንም ለአፍታ ይለውጣል። ሜያን ይሉታል። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ሜያን በደረሰ ቁጥር አንገታቸውን ወደ ፊት ይሰግጋሉ። ከእሳቸው እያየሁ ቀጣዩ መቼ እንደሚመጣ መገመት ጀመርኩ። በ19ኛው መቶ ዘመን ሻርኪን ወደ ፊት ያመጣው ሃጂ አሪፍ ቤይ ነው ይላሉ፤ ኩርዲሊሂጃዝካር የሚባለውን ማካምም የፈጠረው እሱ ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ ሆጃ አንድ ነገር አጫወቱኝ። ከሪፐብሊኩ መመሥረት ጋር ጸሐፊውን ዚያ ጎካልፕን የመሰሉ ሰዎች ይሄ የከተማ ሙዚቃ የኛ አይደለም፣ የባይዛንታይን ነው፣ የኛ የገበሬው ነው ብለው ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ1934 ይሄ ሙዚቃ ከሬዲዮ ታገደ፤ እገዳው እስኪነሳ 20 ወር ገደማ ፈጀ። ሆጃ በዚያ ጊዜ አልተወለዱም፣ ግን ሲያወሩት ትናንት የሆነ ይመስላል። «ሁለት ሙዚቃ» የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ ያን ጊዜ ገባኝ።

አርብና ቅዳሜ፣ ግንቦት 8 እና 9 — ኮንያ

ፈጣኑ ባቡር ምቹ ነው። ከአምስት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ኮንያ ገባን። ከተማዋ ጠፍጣፋ ናት፣ ብስክሌት ይበዛባታል፣ ሰው በጊዜ ይተኛል። ኤትሊ ኤክሜክ በላን። ከአንድ ክንድ የሚረዝም ስስ ቂጣ ላይ የተከተፈ ሥጋ ተለስኖ ከምድጃ ይወጣል። ለአንድ ሰው 200 ሊራ፣ ያጠግባል። ከደረቀ ባሚያ የሚሠራ ኮምጠጥ ያለ ሾርባም አላቸው፤ እሱን ደግሜ አዘዝኩ።

ቅዳሜ ጠዋት መውለዊዎች የሚከተሉት ገጣሚ መውላና ጃላሉዲን ሩሚ የተቀበረበት ቦታ ሄድን። አረንጓዴው ጉልላት ከሩቅ ይታያል። የደርቪሾች ቤቶች እ.ኤ.አ. በ1925 በሕግ ሲዘጉ ይሄኛው ሙዚየም ሆኖ ተረፈ። መግቢያ አልከፈልንም። ሰዉ ግን እንደ ሙዚየም አይገባም፤ እጁን ዘርግቶ ይጸልያል።

ማታ «ሰማ» የሚባለውን የደርቪሾች የመሽከርከር ሥርዓት ለማየት በመውላና ስም ወደተሠራው የባህል ማዕከል ሄድን። ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ አለ። ነጭ ልብስ ለብሰው የሚሽከረከሩትን ሁሉም ሰው በፎቶ አይቷል። ፎቶው የማያሳየው ሙዚቃው እንዴት እንደተገነባ ነው። መጀመሪያ ኢትሪ ያዜመው የነቢዩ ውዳሴ ይሰማል፤ አንድ ድምፅ፣ በዝግታ። ቀጥሎ ኩዱሙ ይመታል። ከዚያ ኔይ ብቻውን ታክሲም ያደርጋል። አዳራሹ ውስጥ ሳል እንኳ አልሰማሁም። ቀጥሎ ፔሽሬቭ ይገባል፣ ደርቪሾቹ ጥቁር ካባቸውን እንደለበሱ በሰልፍ ሦስት ጊዜ ይዞራሉ። ካባው የሚወልቀው ከዚያ በኋላ ነው።

መሽከርከሩ አራት ክፍል አለው፣ እያንዳንዱ ሰላም ይባላል። ምቱ ከሰላም ሰላም ይለያያል። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ በ14 ወይም በ8 ነው፣ ሁለተኛው በ9። ሦስተኛው በ28 ይጀምርና ወደ 10፣ ከዚያ ወደ 6 ያጥራል። ፍጥነቱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ቀሚሱ የሚፈጥረው ነፋስ ፊት ወንበር ላይ ላለነው ይደርሰን ነበር። አራተኛው ወደ 9 ይመለሳል፣ ይረጋል። መጨረሻ ቁርኣን ይነበባል። ጭብጨባ የለም።

የኛን አቋቋም አሰብኩ። ከቁም ወደ ዝማሜ፣ ከዝማሜ ወደ መረግድ፣ ከመረግድ ወደ ጽፋት። ከበሮውና ጸናጽሉ በዝግታ ጀምረው ሕዝቡን ይዘው ይወጣሉ። ሃይማኖቱ ሌላ፣ አገሩ ሌላ፣ አንዱ ከሌላው ወሰደ የሚል ሰውም አልሰማሁም፣ እኔም አልልም። ግን ሰውን በአንዴ ከፍታ ላይ እንደማይሰቅሉት ሁለቱም ያውቃሉ። ከዝምታ አንስተው፣ በደረጃ አውጥተው፣ መልሰው ያወርዱታል።

እሑድ፣ ግንቦት 10 — ከኮንያ ወደ ክርሼሂር

የአውቶቡስ ጉዞ በቱርክ ደስ ይላል። ረዳቱ መዳፍህ ላይ የሎሚ ኮሎኝ ያፈስልሃል፣ ሻይና ብስኩት ያዞራል። እስከ አክሳራይ በሰላም ሄድን። ከዚያ ካለፍን በኋላ የኋላ ጎማ ፈነዳ። ሜዳ ላይ ነው፣ ስንዴ ብቻ። መለዋወጫው ጎማም አየር አልነበረውም። ሌላ አውቶቡስ እስኪመጣ ሁለት ሰዓት ተኩል ጠበቅን።

ሰው አልተበሳጨም ማለት አልችልም። አንዲት እናት ረዳቱን ጥሩ አድርገው ቆጡት። ግን ወዲያው ከየቦርሳው ዳቦ፣ ቲማቲም፣ የተቀቀለ እንቁላል ወጣ። ለኛም ተሰጠን፤ እምቢ ማለት አይቻልም። አንድ ሹፌር የነበሩ ሽማግሌ የአክስቴ ልጅ የት እንደምንሄድ ሲነግራቸው ስልካቸውን አውጥተው የክርሼሂሩን ዘፋኝ የኔሼት ኤርታሽን ድምፅ ከፈቱ። ሜዳው ላይ ቆመን ሰማን። «ይሄንን በከተማ አዳራሽ አትሰማውም፣ የተሠራው ለዚህ ነው» አሉ እጃቸውን ወደ ስንዴው ዘርግተው።

ሰኞና ማክሰኞ፣ ግንቦት 11 እና 12 — ክርሼሂር

ክርሼሂር ትንሽ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ2019 ዩኔስኮ የሙዚቃ ከተማ ብሎ መዝግቧታል። ምክንያቱ አብዳሎች የሚባሉት ሙዚቀኞች ናቸው። ከአባት ወደ ልጅ እየወረሱ ሠርግ ለሠርግ የሚጫወቱ ቤተሰቦች ናቸው። ከእነሱ ውስጥ ትልቁ ስም ኔሼት ኤርታሽ ነው (እ.ኤ.አ. 1938–2012)። አባቱ ሙሃረም ኤርታሽም ቦዝላክ የሚባለው የገጠር ዜማ ጌታ ነበር። ኔሼት በልጅነቱ ከአባቱ ጋር ሠርግ እየዞረ ቫዮሊን ይጫወት፣ ይጨፍርም ነበር። በኋላ ጣቶቹ አልታዘዝ ብለውት ለሕክምና ጀርመን ሄደ፤ እዚያው ረጅም ዓመት ኖረ። የመንግሥት አርቲስት የሚል ማዕረግ ቢሰጡት አልቀበልም አለ። የተቀበረው በኑዛዜው መሠረት በአባቱ እግር ሥር ነው። ሰኞ ጠዋት መቃብሩ ላይ ቆምን። ከእኛ በፊት አበባ ያስቀመጡ ሰዎች ነበሩ።

ስለ አብዳሎች ሲያወሩልኝ አዝማሪ በዓይኔ ዞረ። ሠርግ ያለ እሱ አይደምቅም፤ ሴት ልጅ ስጡኝ ሲል ግን ሌላ ፊት ይታያል። ኔሼት ይሄን ሁሉ ቀምሷል። ዛሬ በከተማው ሐውልቱ ቆሟል። እኛም ለአዝማሪዎቻችን ይሄን ያህል ክብር ባየን ብዬ ከልቤ ተመኘሁ።

ከሰዓት ወደ አንድ ባግላማ ሠሪ ቤት ሄድን። የእንጨት ብናኝ ጫማዬን ሸፈነው። ሆዱ ከአንድ ወጥ የሾላ ዓይነት እንጨት ተፈልፍሎ ይወጣል። አንገቱ ላይ ያሉት ፍሬቶች (የጣት ቦታን የሚለዩት) ብረት አይደሉም፣ የታሰሩ ክሮች ናቸው። ሠሪው አንዱን ክር በጥፍሩ ገፋ አድርጎ ድምፁን በትንሹ ዝቅ አደረገው። ሆጃ በኮማ የሚለኩትን ይሄ ሰው በጥፍሩ ይለካዋል። ሰባት ክር በሦስት ረድፍ ነው የሚወጠረው።

አንድ አዛውንት አብዳል ሻይ ሊጠጡ ገቡ። ሠሪው ለመናቸው፣ ተቀመጡ። መጀመሪያ ባግላማው ብቻ፤ ምት የለውም፣ ይፈልጋል፣ ያመነታል። ከዚያ ድምፃቸው በአንዴ ከላይ ፈነዳ። የሚችሉት ከፍተኛው ቦታ ላይ። እዚያው ትንሽ ቆዩ፣ ከዚያ እየተንቀጠቀጡ አንድ ደረጃ ወረዱ፣ አረፉ፣ ሌላ ደረጃ ወረዱ። መስመሩ ሲያልቅ ታች መሠረቱ ላይ ነበሩ። ቦዝላክ ይሄ ነው። ረጅም ዜማ (ኡዙን ሃቫ) ከሚባለው ምት አልባ ወገን ነው። በርጩማ ላይ ተቀምጬ የኡስኩዳሩ ሳሎን ትዝ አለኝ። ሆጃ ሙሃየር ብለው የተጫወቱልኝ መንገድ ይሄው አይደለም እንዴ? ከላይ ጀምሮ መውረድ። እዚህ ግን ማካም አይሉትም፣ አያክ ይሉታል።

ቦዝላኩ አልቆ ድምፁ ገና ግድግዳው ላይ እያለ ጣታቸው ወደ ጨፋሪ ዜማ ገባ። ይሄ ደግሞ ክሪክ ሃቫ ነው፣ ምቱ የተቆረጠ። ሠሪው በመዶሻው እጀታ ጠረጴዛውን መታ፣ የአክስቴ ልጅ ተነስቶ እስክስታ ወረደ። አዛውንቱ በጣም ተደሰቱ፣ «ትከሻ! ትከሻ!» እያሉ አፋጠኑት። ለኔ ጥያቄዬ የተመለሰው እዚያ ጋ ነው። ምት አልባው በር ይከፍታል፣ ምት ያለው ይገባል። በአዳራሹ ታክሲምና ፔሽሬቭ፣ በኮንያ ኔይና ሰላም፣ እዚህ ቦዝላክና ጭፈራ። የተባሉት ሁለት ሙዚቃዎች የሚቆሙት በአንድ አጥንት ነው። ከላይ ያለው ልብስ ይለያያል፤ የቤተ መንግሥቱ 28 እና 32 ምት ይቆጥራል፣ የገጠሩ 2 እና 4፣ በኤጌ ባሕር በኩል የዘይቤክ ጭፈራው 9፣ በጥቁር ባሕር የሆሮን ጭፈራው 7።

ማክሰኞ አንድ ባግላማ ገዛሁ። 9 ሺህ ሊራ ብሎኝ በ8 ሺህ ተስማማን። ሳጥኑን በነፃ ጨመረልኝ።

ረቡዕና ሐሙስ፣ ግንቦት 13 እና 14 — ሲቫስና ሲቭሪያላን

በካይሰሪ አድርገን ሲቫስ ገባን። አመሻሹ ላይ ብርድ ነው፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ዓይነት፣ አጥንት ይገባል። ማዲማክ የሚባል የበልግ ቅጠል ከቡልጉር ጋር ተሠርቶ በላን። ጎመን የናፈቀ ሐበሻ እዚህ ይጽናናል።

በማግሥቱ መኪና ተኮናትረን በሻርክሽላ በኩል ወደ ሲቭሪያላን መንደር ወጣን። የዓይነ ስውሩ ባለ ባግላማ ገጣሚ የአሺክ ቬይሰል መንደር ናት (እ.ኤ.አ. 1894–1973)። በሰባት ዓመቱ ፈንጣጣ አንድ ዓይኑን ወሰደበት፤ ሌላውንም በኋላ አጣው። አባቱ ማጽናኛ እንዲሆነው ባግላማ ሰጠው። እ.ኤ.አ. በ1931 ሲቫስ ላይ የሕዝብ ገጣሚዎች በዓል ሲዘጋጅ ሰው አወቀው። እ.ኤ.አ. በ1933 ለሪፐብሊኩ 10ኛ ዓመት ግጥሙን ሊያሰማ ከጓደኛው ጋር በእግሩ አንካራ ድረስ ሄደ፤ 3 ወር ፈጀባቸው። ያሳለፍነውን ተራራ በመኪና እያየሁ ያን መንገድ ዓይን የሌለው ሰው በእግሩ እንደሄደው አሰብኩ። ቤቱ ሙዚየም ሆኗል። ዝቅ ያለ ጣሪያ፣ ምድጃ፣ ባግላማዎቹ።

በመንደሩ የሚኖሩ አንድ ባልና ሚስት ምሳ ጋበዙን፤ እርጎ፣ ስስ ቂጣና ቅቤ። አሌቪዎች ናቸው፣ የራሳቸው ሥርዓት ያላቸው የእስልምና ወገን። ስለ ሰማህ ነገሩኝ፣ ወንድና ሴት አብረው በአምልኮ ጊዜ ስለሚዞሩት። እሱም ሦስት ክፍል አለው አሉ፦ ዝግተኛው፣ የሚራመደው፣ የሚፈጥነው። ሴትዮዋ በእጃቸው ብቻ አሳዩኝ፤ መጀመሪያ እንደ ክንፍ በቀስታ፣ ከዚያ ፈጠን፣ ከዚያ የእጅ አንጓቸው እስኪጠፋ።

ማታ ሲቫስ ውስጥ አሺኮች የሚሰበሰቡበት ሻይ ቤት ገባን። አሺክ ገጣሚም ዘማሪም ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2009 መዝግቦታል። ከተሰብሳቢው አንዱ ቤት መምቻ ይሰጣል፣ ሁለት አሺኮች በእሱ እየተቀባበሉ ይገጥማሉ። «ተቀበል!» ሲባል ያደግን ሰዎች ወዲያው ሞቀን። የመጨረሻው አንጓ ላይ አሺኩ የራሱን የብዕር ስም ያስገባል፣ ፊርማ ነው። ከዚያ ከባዱ መጣ። አንደኛው መርፌ በከንፈሮቹ መሃል አቆመ። እንዲህ ሲሆን ከንፈር የሚያገናኝ ድምፅ መጠቀም አይችልም፤ በ፣ ፐ፣ መ፣ ፈ የለም። አራት አንጓ ያለ አንዲት ጠብታ ደም ጨረሰ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ።

ዕረፍት ላይ ጠረጴዛችን መጥቶ ተቀመጠ። ኮሽማ የሚሉት ግጥም መስመሩ 11 ቀለም ነው፣ ስድስት ተብሎ ይቆማል፣ ከዚያ አምስት። እኔም የኛን የወል ቤት በጣቴ ቆጠርኩለት፣ ስድስትና ስድስት። አንድ ቀለም ይበልጣል። ደጋግሜ እንድለው አደረገኝ። ከዚያ ባግላማውን አንስቶ በኛ ልክ፣ በ12 ቀለም፣ በቱርክኛ አንድ አንጓ ገጠመ። ስለ ሩቅ አገር እንግዳ ነበር። የአክስቴ ልጅ እየተረጎመልኝ ድምፁ ተቆረጠ፤ አራት ዓመት ከቤት የራቀ ልጅ ነው።

አርብና ቅዳሜ፣ ግንቦት 15 እና 16 — መመለስ

ከሲቫስ እስከ አንካራ ፈጣን ባቡር አለ፣ ከዚያ ወደ ኢስታንቡል። ችግር የገጠመን አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ነው። ባግላማውን ይዤ እንዳልገባ ከለከሉኝ፣ ከሻንጣ ጋር ይግባ አሉ። ክሮቹን አላላሁ፣ ሸሚዞቼን ሁሉ ሳጥኑ ውስጥ ጠቀጠቅሁ። ቦሌ ስከፍተው አንገቱ ደህና ነበር፤ ሁለት የፍሬት ክሮች ብቻ ተንሸራተዋል። መሣሪያ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ጠንካራ ሳጥን ይግዛ፤ ለስላሳውን ቦርሳ አይመን።

ለመሄድ ለምታስቡ፦ ኮንያን በታኅሣሥ የመውላና መታሰቢያ ሰሞን (በፈረንጆቹ እስከ ዲሴምበር 17) የምታስቡ ከሆነ ማደሪያ በጊዜ ያዙ። ሲቭሪያላን ከፍታ ላይ ናት፣ በክረምታቸው በረዶ አለ፣ ግንቦት ጥሩ ነው። ክርሼሂር ላይ ሆቴል ርካሽ ነው፣ ሰው ደግሞ ባግላማ ሰማሁ ካላችሁት ከሻይ በፊት አይለቃችሁም። እኔ ጥቁር ባሕር አልደረስኩም። ትራብዞን ላይ ትንሿን ከመንቼ በቁሙ ይዞ በ7 ምት የሚያስጨፍረውን ሰው ገና አላየሁትም። ካርስ ላይ ደግሞ የአሺኮቹ ግጥሚያ እስከ ሌሊት ይዘልቃል ብለውኛል። የሚቀጥለው ጉዞ በዚያ በኩል ነው።